በእንተ መጥባሕት፦ በልደታ ማርያም ሰፈር የቢላዋን ብዛት ስለ መደገፍ የቀረበ ሐተታ

መጽሐፍ አብዝቶ የሰበሰበ ሰው ሊቅ ይባላል፤ ቴምብር የሰበሰበ ሥልጡን፣ የብር መስቀል የሰበሰበ መንፈሳዊ፣ የማርትሬዛ ብር የሰበሰበም የታሪክ ወዳጅ ይሰኛል፤ ቢላዋ የሰበሰበ ሰው ግን፣ ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ለሰው ልጅ የዕለት ኑሮ የቀረበውን ዕቃ መርጦ ሳለ፣ በጎረቤት ዘንድ የሚያተርፈው ጥርጣሬ፣ በቤቱም ውስጥ የሚያተርፈው ክርክር ብቻ ሆኖ ይገኛል። አንድ ዳዊት ያለው ሰው ሁለተኛ ዳዊት ቢገዛ «የፊተኛው መዝሙር አለቀብህን?» ብሎ የሚጠይቀው ሳይኖር፣ አንድ ቢላዋ ያለው ሰው ሁለተኛውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ሲገባ «የፊተኛውስ ምን ሆነ?» መባሉ በምን ሕግና በምን ሥርዓት እንደ ተደነገገ መመርመር የሚገባ ነገር ነው።

የዚህ ሐተታ ጸሐፊ በልደታ ማርያም ሰፈር የሚኖር፣ በሳሎኑ ቡፌ ውስጥ፣ የክብር ሳህኖች እንዲቀመጡበት ተብሎ በተሠራው መደርደሪያ ላይ፣ 28 ቢላዎችን በወግ በወጋቸው ደርድሮ የሚጠብቅ ሰው ነው፤ ሳህኖቹም አልጋ ሥር በደኅና ይገኛሉ። በጉዳዩ ላይ የቤቱ እመቤት ያላቸው አስተያየት አጭርና ግልጽ ሲሆን፣ ይኸውም «የሰው እጁ ሁለት ነው፤ ሃያ ስምንቱን በምንህ ልትይዘው ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ማጠሩ ለጠያቂው ይመቻል፤ ተጠያቂው ግን፣ አባቶቻችን በጉባኤ ቤት አንዲቱን ኃይለ ቃል ይዘው አንድም እያሉ ሲያመሰጥሩ እንደሚውሉ ሁሉ፣ ከመጽሐፍም ከታሪክም ከልማድም ምስክር እየጠራ መልሱን ማስፋት ግድ ሆኖበታል።

አስቀድሞ ቀኖናውን መወሰን ያስፈልጋል። በዚህ ሐተታ ከቢላዋ ወገን የሚቆጠሩት ካራ፣ የጓዳ ቢላዋ፣ የሥጋ ቢላዋ፣ የዳቦ ቢላዋና ሰንጢ ሲሆኑ፣ ከአፋር የመጣው ባለ ሁለት አፍ ጊሌም ለክብረ በዓል ማዕርግ በመካከላቸው ተቀምጧል። ጎራዴ ግን፣ ምንም እንኳ ስለቱ ከጀርመን አገር ከዞሊንገን ከተማ የመጣና ከብዙ የጓዳ ቢላዋ ጋር የአንድ አገር ልጅ ቢሆን፣ አይቆጠርም፤ ጎራዴ ይዞ ወደ ጓዳ የገባን ሰው ሽንኩርት የሚያቀብለው የለምና። በስድስት በስድስት ሆነው ከሹካ ጋር በካርቶን ታሽገው የሚመጡት፣ ለሠርግ ስጦታ የሚሰጡትና ከአንዱ ሠርግ ወደ ሌላው ሠርግ ካርቶናቸው ሳይከፈት የሚተላለፉት የጠረጴዛ ቢላዎች ደግሞ፣ እንጀራ በእጅ በሚበላበት አገር ሥራቸው ምን እንደ ሆነ ገና ስላልታወቀ፣ እንደ አዋልድ መጻሕፍት ይከበራሉ እንጂ ለክርክር አይጠቀሱም።

ወደ ጥንተ ነገሩ ስንመለስ፣ ቢላዋን መሰብሰብ ከውጭ አገር የመጣ ፋሽን ነው የሚሉ ሰዎች እጅግ ተሳስተዋል። በአፋር ምድር፣ ጎና በሚባለው ስፍራ፣ ዶክተር ስለሺ ሰማው ከባልደረቦቻቸው ጋር ያጠኑት የድንጋይ መሣሪያ 2.6 ሚሊዮን ዓመት የሞላው ሲሆን፣ የተገኘውም አንድ ወይም ሁለት ሆኖ ሳይሆን በሺህ የሚቆጠር ሆኖ ነው፤ በዚያ ዘመን ቡፌ እንዳልነበረ የታወቀ ስለ ሆነ፣ በሜዳ ላይ ተበትኖ መገኘቱ የባለቤቱን ንዝህላልነት አያሳይም። ከዚህ ይልቅ ለዚህ ሰፈር ሰው ልብ የሚቀርበው ግን የዲኪካው ነገር ነው። በዚያም በአፋር፣ ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመሩት የጥናት ቡድን 3.4 ሚሊዮን ዓመት የሆናቸው የእንስሳት አጥንቶች ላይ የስለት ጭረት እንዳገኘ በ2002 ዓ.ም ለዓለም አስታወቀ፤ የጫረው ድንጋይ ግን በስፍራው አልተገኘም። በዚህም ምክንያት በሊቃውንቱ መካከል ክርክር ተነሥቶ፣ ከፊሎቹ ጭረቱ የአዞ ጥርስ ነው ሲሉ፣ ከፊሎቹ ደግሞ አጥንቱ በእንስሳት ኮቴ ተረግጦ የተፋቀ ነው አሉ። በልደታ የኖረ ሰው ቢጠየቅ ኖሮ ግን ይህ ሁሉ ድካም ባላስፈለገ ነበር፤ ሥጋው ተቆርጦ ቢላዋው የጠፋው ቢላዋው የውሰት ስለ ነበረ ነው፤ የተዋሰው ሰውም ይዞት ሄዷል።

የባልጩት ነገርም እንዲሁ ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በመልካ ቁንጡሬ አጠገብ የሚገኘው፣ ስሙም ባልጭት የሚባለው ስፍራ፣ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ ሰዎች እየተመላለሱ ጥቁሩን የእሳተ ገሞራ መስተዋት እየፈለጡ ስለት ያወጡበት ቦታ ሲሆን፣ ከመልካ ቁንጡሬ ጋር በ2016 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እንግዲህ አንድ ሚሊዮን ዓመት ሙሉ ከአንድ ቦታ ስለት ሲያከማች የኖረ ሕዝብ ቅርስ ጠባቂ ተብሎ ሲመሰገን፣ ከመርካቶ ጥቂት ቢላዎችን ገዝቶ የመጣ አባወራ ግን ገንዘብ አባካኝ ተብሎ መወቀሱ፣ የዓለም አቀፉ ማኅበር አንድ ቀን ሊያስብበት የሚገባ አድልዎ ነው።

ከታሪክ ወደ ቅዱሳት መጻሕፍት ስንሻገር፣ ተቃዋሚዎች በመጀመሪያ የሚጠሩት ምስክር አብርሃም ነው። አብርሃም ይስሐቅን ሊሠዋ ወደ ተራራው በወጣ ጊዜ፣ እሳትና አንድ ቢላዋ ብቻ እንደ ያዘ የኦሪት ዘፍጥረት 22ኛ ምዕራፍ ይመሰክራልና፣ «ለአበ ብዙኃን ያልበዛ ላንተ እንዴት በዛ?» ይላሉ። ክርክሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ የሚያስደነግጥ ቢሆንም፣ ጥቂት ምዕራፎች ወደ ኋላ ተመልሶ 14ኛውን ላነበበ ሰው ይፈርሳል። በዚያ አብርሃም በቤቱ የተወለዱ 318 ብላቴኖች እንደ ነበሩት ተጽፏል፤ ሊቃውንት ይህን ቁጥር ለሠለስቱ ምዕት ምሳሌ አድርገው ሲተረጕሙት፣ ይህ ደካማ ጸሐፊ ደግሞ ዝቅ ብሎ የጓዳውን ትርጓሜ ይጨምርበታል፤ 318 ሰው የሚያበላ ቤት፣ ለሦስት እንግዶች ቸኩሎ ጥጃ የሚያርድ ቤት፣ በአንድ ቢላዋ እንዴት ይዘልቃል? አብርሃም ወደ ተራራው አንዱን ብቻ የያዘው፣ መንገዱ የሦስት ቀን ስለ ነበረና ዕንጨቱም ስለ ከበደ ነው፤ የቀሩት ቤት ናቸው።

ኢያሱም የእስራኤልን ልጆች ይገርዝ ዘንድ የባልጩት ቢላዎችን እንዲሠራ በታዘዘ ጊዜ፣ ትእዛዙ በብዙ ቍጥር ነበረ፤ አንድ ይበቃል ብሎ የተከራከረ ሰው እንደ ነበረ መጽሐፍ አይናገርም፤ የሚገረዙት ሰዎችም ቢላዋው ሳይደንዝ እንዲለወጥ ሳይመኙ የቀሩ አይመስልም። መጽሐፈ ምሳሌ በ23ኛው ምዕራፍ ሆዳም ሰው በባለሥልጣን ማዕድ ሲቀመጥ በጕሮሮው ላይ ቢላዋ እንዲያደርግ የሚመክረውን ምክር ግን፣ ተቃዋሚዎች ብዙ ጊዜ በምሳ ሰዓት ስለሚያነሡት፣ ለዚህ ጥናት አግባብ ያለው ሆኖ አላገኘነውም።

ዋናው ምስክር ዕዝራ ነው። ናቡከደነፆር ከኢየሩሳሌም ዘርፎ ወደ ባቢሎን ያወረደውን ንዋየ ቅድሳት የፋርስ ንጉሥ ቂሮስ በመለሰ ጊዜ፣ መዝገብ ጠባቂው ሚትሪዳጡ አንድ በአንድ ቈጥሮ ለይሁዳው መስፍን ለሰሳብሳር እንዳስረከበው መጽሐፈ ዕዝራ በመጀመሪያው ምዕራፍ ይዘረዝራል፤ ከወርቁና ከብሩ ሳሕን ቀጥሎም፣ በቁጥር 9፣ 29 ቢላዋ ተጽፏል። ቁጥሩን አንባቢ በጥሞና ይመልከተው። የእግዚአብሔር ቤት ከነክብሩ፣ ከነመሥዋዕቱ ብዛት፣ 29 ቢላዋ ከበቃው፣ 30 ቢላዋ ያለው ሰው ትዕቢተኛ መባሉን ይህ ጸሐፊ አይቃወምም፤ 28 ያለው ግን በትሕትና ወሰን ውስጥ መሆኑ በመጽሐፍ የጸደቀ ነው። ከዚህ ሌላ የሚያስገርመው ነገር፣ እነዚያ ቢላዎች በጦርነት ተማርከው፣ ባሕር ማዶ ሊባል በሚችል አገር ኖረው፣ መንግሥት ተለውጦ እንኳ በቁጥራቸው ልክ መመለሳቸው ነው፤ በሰፈራችን ለአንድ ከሰዓት በኋላ የተወሰደ ቢላዋ ስለሚደርስበት ዕድል ወደ ኋላ እንናገራለን።

አሁን ወደ ልማዱ እንግባ። ቤተ ክርስቲያናችን ለሕዝቡ ሁሉ የደነገገቻቸው የጾም ቀናት ተደምረው በዓመት ወደ 180 ይጠጋሉ፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ተቃዋሚዎች ከዚህ ተነሥተው፣ የዓመቱን እኩሌታ የሚጾም ቤት የሥጋ ቢላዋ ለምን ያበዛል ይላሉ። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ሥጋና ቅቤ የነካ ቢላዋ የጾም ጎመን እንዳይነካ የሚጠነቀቅ ቤት፣ እንደ ድስቱ ሁሉ ቢላዋውንም የጾምና የፍስክ ብሎ መለየት አለበትና፣ ጾም በበዛ መጠን ቢላዋ ይበዛል እንጂ አያንስም። የፍስኩ ቢላዋ በሁዳዴ በጨርቅ ተጠቅልሎ መቀመጡ ሥራ ፈትነት ተብሎ የሚነቀፍ ከሆነ፣ ዓመቱን ሙሉ ታጥፎ ለጥምቀት ብቻ የሚወጣውም ካባ እንዲሁ ሊነቀፍ ነው።

በልደታ ደግሞ የክርስቲያኑንና የሙስሊሙን ቤት የሚለየው ብዙ ጊዜ አንድ ግድግዳ ነው። አንዱ በስመ ሥላሴ ያረደውን ሌላው አይበላም፣ ሌላው ቢስሚላህ ብሎ ያረደውንም አንዱ አይበላም፤ ስለዚህ ደግ ጎረቤት ሠርግ ሲደግስ፣ ለሙስሊም ጎረቤቶቹ በግ ለይቶ፣ በራሳቸው እጅ አርደው በራሳቸው ድስት እንዲሠሩት ያደርጋል። ለዚህ ጉዳይ የተለዩ፣ ሌላ ሥጋ ነክተው የማያውቁ፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለሉ ሁለት ቢላዎች በዚህ ቡፌ ውስጥ መኖራቸው በሰፈሩ የታወቀ ነው፤ ጎረቤቶቼ ግን የራሳቸው ቢላዋ ስላላቸው እስካሁን ጠይቀውኝ አያውቁም። ለመልካም ጉርብትና ዝግጁ ሆኖ መገኘት ጥሪ እስኪመጣ የሚቈይ ሥራ አይደለም።

አራስንም መርሳት አይገባም። የወለደች ሴት ወደ ደጅ ስትወጣ በእጇ ብረት ትይዝ ዘንድ የእናቶቻችን ልማድ ያዛልና፣ በሰፈሩ ልጅ በተወለደ ቍጥር አንድ ቢላዋ ከዚህ ቤት ይወጣል፤ ወንድ ከተወለደ እስከ ክርስትናው 40 ቀን፣ ሴት ከተወለደች 80 ቀን ይቈያል። ሴቶች ልጆች በብዛት በተወለዱበት ዓመት የዚህ ስብስብ መሳሳት እንዴት እንደ ነበረ ባለቤቱ ብቻ ያውቀዋል።

ተቃዋሚ ሁሉ ሊያነሣው ይችል የነበረውን፣ ነገር ግን አንድም ሰው ያላነሣውን ብርቱ ነጥብ እዚህ ላይ በቅንነት እናቀርባለን። የሰፈራችን ታላቅ በዓል ግንቦት 1 ቀን የሚውለው የእመቤታችን ልደት ነው፤ ኢያቄምና ሐና ወደ ሊባኖስ ተራራ ሄደው ሳሉ እንደ ተወለደች በማሰብ፣ ሕዝቡ ከቤቱ ወጥቶ በደጅ ተሰብስቦ፣ ንፍሮ ቀቅሎ፣ ቡና አፍልቶ ያከብረዋል። ንፍሮ ደግሞ ቢላዋ አይፈልግም፤ በእጅ ይዘገናል። እንግዲህ ለሰፈሩ ስም ያወጣለት በዓል ያለ ቢላዋ የሚከበር ከሆነ የዚህ ሐተታ መሠረት ይናጋል ማለት ነውን? ጸሐፊው ይህን ለብዙ ጊዜ ሲያስብበት ከቈየ በኋላ፣ ከንፍሮው አጠገብ ሁልጊዜ ድፎ ዳቦ እንደሚገኝ በማስተዋሉ ልቡ አረፈ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ግንቦት 1 ቀን በኪሱ ሰንጢ ይዞ ይወጣል፤ ዳቦውን የሚባርኩት ሽማግሌ «ቢላዋ ያለው ሰው አለ?» በሚሉበት ቅጽበት የሚሰማው ደስታ፣ ደጃዝማችነት የተሾመ ሰው ከሚሰማው ብዙ የሚያንስ አይመስለውም።

የነገሩ ሁሉ ማዕከል ግን ቅርጫ ነው። ዐሥር አባወራ ገንዘብ አዋጥቶ አንድ በሬ ሲገዛ፣ የሚካፈለው በሬውን ሳይሆን እያንዳንዱን ብልት ነው፤ ሻኛው ለዐሥር፣ ፍሪምባው ለዐሥር፣ ጎድኑ፣ ዳቢቱ፣ ሽንጡ፣ ታላቁና ታናሹ፣ ጭቅናውም ሳይቀር፣ ጉበቱና ጨጓራው፣ ሁሉም ለዐሥር ይቈረጥና በቅጠል ላይ ዐሥር መደብ ሆኖ ይደረደራል፤ ከዚያም ማን የትኛውን እንደሚወስድ በዕጣ ይለያል። ይህ ሥርዓት በምድራችን ካሉት ሥርዓቶች ሁሉ ለፍትሕ የቀረበ ስለ ሆነ፣ የሚጠይቀው የስለት ብዛትም እንደዚያው ነው። የሚያርደው ካራ ከባድና ረጅም መሆን አለበት፤ ቆዳ የሚገፈው አጭርና ጫፉ ዞር ያለ ካልሆነ ቆዳውን ይበሳዋል፤ ብልት የሚያወጣው ቀጭን ሆኖ መገጣጠሚያውን ፈልጎ የሚገባ ይሁን፤ አጥንት የተጠጋው ሥጋ ሌላ፣ ሆድ ዕቃው ሌላ፣ መደብ የሚደለድለው ሌላ ይፈልጋል፤ አንዱም ሲደነዝ በሞረድ እስኪሳል ድረስ የሚተካው ያስፈልጋል፤ ስንቆጥራቸው ሰባት ናቸው። አንዲት ዶሮ እንኳ 12 ብልት ሆና ለመውጣት የባለሙያ እጅና የተሳለ ስለት የምትጠይቅ ስትሆን፣ ለበሬ ሰባት ቢላዋ በዛ የሚል ሰው በሬ አይቶ አያውቅም።

የድሮው የልደታ ግቢ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ከተተከለበትና ባቡሩም በራሳችን ላይ ከሚያልፍበት ጊዜ ወዲህ፣ ቅርጫው ወደ ጋራ መገልገያው ሕንፃ ቢዛወርም ሥርዓቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠ ነገር ቢኖር፣ በትንሣኤ ሌሊት ከቅዳሴ መልስ በአራት ፎቅ ደረጃ ላይ «ቢላዋ አላችሁ?» የሚለው ጥሪ ከፎቅ ወደ ፎቅ መውጣቱ ነው። በዚህ ሰዓት የሰፈሩ ምስጢር ይገለጣል፤ ሥጋ ያለው ቢላዋ የለውም፣ ቢላዋ ያለው ሥጋ የለውም። እንግዲህ የዚህን ስብስብ እውነተኛ ጥቅም፣ አንባቢን አክብረን፣ በግልጽ እንናገር። የበሬ ዋጋ ከዓመት ወደ ዓመት በሚወጣበት ዘመን ጸሐፊው የራሱን መደብ ሳይገዛ ያለፈበት ፋሲካ አለ፤ ቢላዎቹ ያልተገኙበት ቅርጫ ግን የለም። ባለ ቢላዋ ደግሞ ቢላዋውን ልኮ ቤቱ አይቀመጥም፤ ስለቱን ለመጠበቅ ሲል በስፍራው ይገኛል፤ በስፍራው የተገኘን ሰው ደግሞ ገና ትኩስ የሆነ ጉበት ሲቈረጥ አፉን አዙሮ እንዲቆም የሚተወው አበሻ አልተወለደም። በሬ መግዛት ላልቻለ ሰው፣ ከበሬው ጋር የሚያገናኘው ቢላዋ ነው፤ ዋጋውም ከበሬው እጅግ ያንሳል።

ከቅርጫው ሥጋ ጥቂቱ ለቁርጥ ይቀመጣል፤ በዚህም ላይ ስድስት ቢላዋ ለእንግዶች ያስፈልጋል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1770 ጎንደር የደረሰው እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ ስለ ጥሬ ሥጋ አበላላችን በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ቢተርክ የለንደን ሰዎች ውሸታም ብለው እንደ ሳቁበት የታወቀ ነው፤ ሥጋን ከነደሙ በልቶ የማያውቅ ሕዝብ እንዲያምን አይጠበቅም። የእኛ አባቶች ግን ሥጋውን በጥርስ ይዘው፣ በከንፈርና በእጅ መካከል ከታች ወደ ላይ ይቈርጡት ነበር፤ በዚህ አቈራረጥ ቢላዋው የሚቆመው አፍንጫ አጠገብ ስለ ሆነ፣ ስለቱ ጥሩ ከሆነ ሥጋው በአንድ ጊዜ ይለቃል፣ የደነዘ ከሆነ ግን ቈራጩ ኃይል ጨምሮ ሲስብ የሚሆነው ይሆናል። አፍንጫ ረጅም በሆነበት አገር ለእንግዳ ስል ቢላዋ ማቅረብ ከመስተንግዶ አልፎ የሰብአዊነት ጉዳይ ነው።

ስለ ሠሪዎቹም አንድ ቃል ይገባል። ከስብስቡ እኩሌታው በመርካቶ ምን አለሽ ተራና በአካባቢው፣ ባለ እጆች ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ቀጥቅጠው የሠሩት ነው፤ የባሌስትራ ብረት ከመቶ 0.6 እጅ ያህል ካርቦን ስላለው፣ በእሳት ግሎ በዘይት ሲነከር ጠንካራ ስለት ይይዛል፤ ዝገቱ ብዙ ቢሆንም ይቈርጣል። እንግሊዛዊው ሃሪ ብሪርሊ በ1913 በሼፊልድ ከተማ የማይዝገውን ብረት ካወጣ ወዲህ የመጣው የሚያብረቀርቅ ቢላዋ ደግሞ አይዝግም፤ በገበያ ከምናገኘው ርካሹ ወገን ብዙው አይቈርጥምም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ቀጥቃጩንና ሸማኔውን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ በአዋጅ አዘው ነበር፤ ይህ ጸሐፊ የቀጥቃጭ ሥራ ገዝቶ ወደ ቤቱ በመጣ ቍጥር አዋጁን በተግባር ከፈጸሙት ጥቂት ሰዎች አንዱ እንደ ሆነ ቢያስብ አይፈረድበትም። ሕጉን በተመለከተ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ የወንጀል ሕጉ በአንድ ቡፌ ውስጥ ስንት የጓዳ ቢላዋ መቀመጥ እንዳለበት አልወሰነም። ይልቁንም ከቤታችን ብዙ በማይርቀው በደጃዝማች ባልቻ ሆስፒታል ውስጥ፣ ከጸሐፊው ቢላዎች እጅግ የሚበልጡና እጅግ የተሳሉ ቢላዎች የሚይዙ ሰዎች ዶክተር ተብለው ሲከበሩ፣ አንድም ዘመድ «ምን ያደርግላችኋል?» ብሎ ሲጠይቃቸው አልተሰማም።

እንግዲህ ስሌቱን እናጠቃልለው፤ ለጾምና ለፍስክ ሁለት፣ ለሙስሊም ጎረቤት ሁለት፣ ለአራስ አንድ፣ ለቅርጫ ሰባት፣ ለቁርጥ እንግዶች ስድስት፣ ለዳቦ አንድ፣ በድምሩ 19 ይሆናል። ከቀሩት ዘጠኙ አራቱ ስለታቸው አልቆ በጡረታ ላይ ሲሆኑ፣ ጊሌውን ጨምሮ አምስቱ ገና ሹመታቸውን ይጠባበቃሉ።

የቤቱ እመቤት ይህ ሐተታ በረቂቅነቱ ሲነበብላቸው እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳምጠው፣ በዚያው ሰዓት የሚከትፉትን ሽንኩርት በምን እየከተፉ እንደ ነበረ እንዲታይ እጃቸውን ከፍ አደረጉ። ቢላዋዋ ትንሽ ናት፤ የፕላስቲክ እጀታዋ ምድጃ ነክቶት ቀልጧል፣ ጫፏም ቆርቆሮ ሲከፈትባት ተሰብሯል፤ መሳያዋ የሲኒ ቂጥ ነው። በዚህ ቤት ከዓመት እስከ ዓመት ሽንኩርቱም፣ ሥጋውም፣ ዳቦውም፣ የጾሙም የፍስኩም ታጥቦ የሚቈረጠው በእርስዋ መሆኑን ጸሐፊው አይክድም። ወደ ቡፌው ገብታ ማዕርጓን እንድታገኝ ብዙ ጊዜ ጠይቆ፣ ባለቤትዋ አልፈቀዱም። ስለዚህ በቁጥር ውስጥ አልገባችም፤ የጳጳስ አገልጋይ በሲኖዶስ እንደማይቈጠር ሁሉ።

ለተዋሾች ሲባል ጸሐፊው መዝገብ ይይዛል፤ የቢላዋው ዓይነት፣ የወሰደው ሰው፣ የወጣበትና የተመለሰበት ቀን ይጻፍበታል። የመጨረሻው ዓምድ ከሌሎቹ ይልቅ ንጹሕ ሆኖ ይገኛል። ከዚህ መዝገብ እንደሚታየው ስብስቡ እስካለፈው ቅዳሜ ሹር ድረስ ከዕዝራ ቁጥር ጋር ልክ ለልክ ነበረ። ሃያ ዘጠነኛው እጀታው ጥቁር የበሬ ቀንድ የሆነ፣ ከእጀታው ሥር ሦስት የናስ ምስማር ያለበት፣ ከባሌስትራ የተሠራ የሥጋ ቢላዋ ሲሆን፣ በዚያ ሌሊት ከሦስተኛው ፎቅ «አሁን እንመልሳለን» ተብሎ ተወስዷል። የወሰደው ሰው ይህን ጽሑፍ ካነበበ፣ ናቡከደነፆር የወሰደው እንኳ መመለሱን አስቦ፣ ቢላዋውን ለቤቱ እመቤት ሳይሆን ለጸሐፊው በእጁ ያስረክብ፤ ሳይሳል፣ ሳይታጠብም ቢሆን እንቀበላለን።